የገና ሜዳና የክለቡ መዝገብ፤ የወጣት ገበሬዎች ስብስብና የወዳጅነት ውድድር በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ

በአገራችን የእርሻ ኤክስቴንሽን ታሪክ ሲጻፍ መነሻ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የጣቢያና የሠራተኛ ቁጥር፣ የተሠራጨው ምርጥ ዘርና የታደለው ማዳበሪያ ነው። ከዚሁ አገልግሎት ጋር አብሮ የመጣው የወጣት ገበሬዎች ክለብ ግን ከአንድ መስመር የበለጠ ቦታ እምብዛም አያገኝም። ምክንያቱ አይታጣም። ጫጩት የሚጠብቅ፣ ጥጃ የሚያሳድግ፣ በዓመቱ መጨረሻም ያሳደገውን ይዞ ከእኩዮቹ ጋር የሚወዳደር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለመሥሪያ ቤቱ የምርት ሠንጠረዥ የሚጨምረው ነገር የለም። ሆኖም የነገው ገበሬ እሱ ራሱ ስለሆነ የጨዋታውና የውድድሩ ታሪክ ከማዳበሪያው ታሪክ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። በተለይም ከሞጆ ተነሥቶ በአንድ ወገን በአዳማ፣ በወንጂና በመተሐራ ወደ አዋሽ፣ በሌላ ወገን በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ወደ ደቡብ በሚዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ምድር፣ እንዲሁም ከበላዩ ባለው የአርሲ ደጋ፣ ወጣቱ የሚወዳደርበት ሜዳ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ከውድድሩ ተለይቶ አያውቅም።

ክለብ የሚለው ስም ከመምጣቱ አስቀድሞ ነገሩ በሌላ መልክ ነበረ። በሸዋ ገጠር የወጣቱ ዋና የፉክክር ቀን ገና ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ጎበዛዝት ጫፉ የተቆለመመ በትራቸውን ይዘው አዝመራው በተነሣለት ማሳ ወይም በግጦሹ ሜዳ ይገናኛሉ። ሩሯ መሐል ላይ ትቀመጣለች። የሜዳው ወርድ አይለካም፤ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ብቻ ሁለቱ ወገኖች ተመጣጣኝ መሆናቸውን ሽማግሌዎች ዓይተው ይፈቅዳሉ። ሩሯ ወደ ገደል ብትገባ ገደል፣ ወደ ወንዝ ብትገባ ወንዝ ድረስ ትከተላለህ። በዚያን ቀን ባለርስቱና ጭሰኛው፣ ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ አይቀጣም፤ ጌታም እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደዋል። ሲመሽ አሸናፊው ወገን የተሸናፊውን መንደር እያዜመ ይዞራል። በዜማው ውስጥ የሚወርደው ስድብ በሌላ ቀን ቢነገር ደም የሚያቃባ ነው። ተሸናፊው ግን አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ጠላውንም ይቀዳል። የመጪው ዓመት ገና የሱ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው መድረክ ሥራው ራሱ ነው። ደቦ ሲጠራ የጤፍ አረሙም ሆነ የአጨዳው ማሳ ለሁለት ተከፍሎ ጎበዛዝቱ በመሥመር ይሰለፋሉ፤ አውራጁ ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ዜማው ሲፈጥን እጅም ይፈጥናል፤ ማሳው ጫፍ ቀድሞ የደረሰው ወገን ፎክሮ ይቀመጣል። ወደ ኋላ የቀረው ሰው ለሳምንት ያህል በገበያ መንገድ ላይ መቀለጃ ይሆናል። ደቦ የጠራው ቤት ምግቡንና መጠጡን ያቀርባል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም። በአማርኛ ወንፈል፣ በኦሮምኛ ዳዶ የሚባለው ደግሞ ከደቦ ይለያል። ዛሬ ለአንተ የሠራሁትን ቀን ነገ ለእኔ ትመልሳለህ የሚል ሒሳብ ያለበት ሥርዓት ነው። ጓደኛሞች በተራ አንዱ በሌላው ማሳ ላይ ሲውሉ የማን እርሻ እንደ ታረሰ፣ የማን ትልም እንደ ጠመመ፣ የማን በሬ እንደ ለገመ ሁሉም ያያል። ሠርቶ ማሳያ የሚለውን ቃል የሙያው ትምህርት ቤት ከማስተማሩ በፊት ወንፈል በየማሳው ያስተምረው ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በኦሮሞው ማኅበረሰብ ዘንድ እኩያነት ከዚህም የጠነከረ ሥርዓት አለው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሠፈረው የገዳ ሥርዓት ሰውን በስምንት ስምንት ዓመት እርከን ያሸጋግረዋል። ከእርከኖቹ አንዱ በሆነው በፎሌ ዘመን ያሉ ጎረምሶች በኅብረት እየዘፈኑና እየቀለዱ መዞራቸው በቱለማ የታወቀ ነው። ኮርቦ፣ ማለትም የሚንከባለለውን ቀለበት በሾለ እንጨት የመውጋት ጨዋታ፣ ለልጆቹ የዓይንና የእጅ ማሠልጠኛ ነበር። በፈረስ ጉግስ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው በዘንግ ያሳድዳል፤ ወዲያው ደግሞ ሚናው ይለወጣል፤ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ማታ በጭኮና በፋርሶ ዙሪያ ገራርሳ ሲወጣ ጀግናው ያደረገውን ይዘረዝራል። ያላደረገውን የጨመረ እንደ ሆነ አድማጩ ያፍርበታል።

እነዚህ ጨዋታዎች በሃይማኖትም ሆነ በቋንቋ ይለያዩ እንጂ አንድ ጠባይ ይጋራሉ። አሸናፊው ከተሸናፊው ቤት ወስዶ የሚያስቀረው ሀብት የለም፤ የሚያገኘው ስምና አንድ ምሽት ነው። ተሸናፊውም በሚቀጥለው ዙር እኩል ሆኖ ይመለሳል። የወዳጅነት ውድድር የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ ረገድ እነዚህን ጨዋታዎች ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርገው የቆጠሩት የዘመኑ ሹማምንትና ባለሙያዎች ተሳስተዋል። ልጃገረዶች ከገና ሜዳ ውጪ መሆናቸው ግን መታለፍ የለበትም። የነሱ መድረክ የአዲስ ዓመት ዋዜማ አበባየሆሽና የሠርግ ቤት ጭፈራ ነበር፤ ለእርሻ ሥራቸው ደግሞ ፎካሪም ሆነ ዳኛ አልነበረም።

ከባሕር ማዶ የመጣው ክለብ የተወለደው በሌላ ችግር ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በክላርክ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1902 የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ኤ. ቢ. ግርሃም የገበሬ ልጆችን በበቆሎና በአትክልት ሥራ ክለብ አሰባሰበ። ሐሳቡ በየግዛቱ ተዛመተና የስሚዝ ሌቨር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1914 የኤክስቴንሽን አገልግሎትን በመላ አገሪቱ ሲያቋቁም ክለቦቹም የአገልግሎቱ ክንፍ ሆኑ። አባቶች ከዩኒቨርሲቲ የመጣውን አዲስ ዘር አልቀበል ሲሉ ልጆቻቸው ዘርተው ያሳዩአቸው ነበር። የክለቡ ምልክት አራት ቅጠል ያለው የሣር ዝርያ ሲሆን በየቅጠሉ ላይ ያለው ‹ኤች› የአራት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ነው፤ ትርጉማቸውም ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና ይሆናል። ፎር ኤች መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የመጀመሪያው የወጣት ገበሬዎች ክለብ በዴቨን ወረዳ ሄምዮክ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1921 ሲቋቋም ሥራው ጥጃ ማሳደግ ነበር። የኋላ ኋላ ክለቦቹ በጭፈራ ምሽት፣ በቲያትርና በክርክር ጭምር የታወቁ ሆኑ። ጎረቤታችን ኬንያ ሐሳቡን ስትወስድ አራቱን ‹ኤች› ትታ ‹ኩኡንጋና፣ ኩፋንያ፣ ኩሳይዲያ ኬንያ› በሚሉ አራት ‹ኬ› ባላቸው የስዋሂሊ ቃላት ተካቻቸው፤ መሰባሰብ፣ መሥራት፣ ኬንያን መርዳት ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ክለቡ የገባው በአራተኛው ነጥብ፣ በተለምዶ አጠራር በ‹ፖይንት ፎር› ስምምነት በኩል ነው። ስምምነቱ በሰኔ 1943 ዓ.ም. ተፈርሞ የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያም በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ርዳታ የእርሻና የመካኒካል ኮሌጅ ተቋቁሞ ዓለማያ ላይ መቀመጫውን አደረገ። ኮሌጁ በአሜሪካ የመሬት ስጦታ ኮሌጆች ሥርዓት ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ እጅ ይዞ ነበር። ከኤክስቴንሽኑ ተግባሮች መካከልም ከሠርቶ ማሳያ ጣቢያዎች ጎን የገበሬ ወጣቶችን ክለቦች ማደራጀት ተጠቅሷል። በነሐሴ 1955 ዓ.ም. ኃላፊነቱ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሲዛወር በመላ አገሪቱ የነበሩት ጣቢያዎች ከ70፣ ሠራተኞቹም ከ130 ብዙ የሚበልጡ አልነበሩም። አንድ ሠራተኛ በበቅሎ ወይም በእግሩ ስንት መንደር ሊያዳርስ እንደሚችል ለሙያው ባልደረቦች ማስረዳት አያስፈልግም። የክለቡ አባላት በጣቢያና በትምህርት ቤት አቅራቢያ ያሉ ልጆች ሆነው መቅረታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

በዚህ ረገድ የስምጥ ሸለቆው መስመር ዕድለኛ ነበር። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ሞጆና አዳማ የገበያ ከተሞች ሆነዋል፤ በቢሾፍቱ ደግሞ ኮሌጁ ገና በተመሠረተበት ሰሞን የምርምር ጣቢያ ከፍቶ ነበር። በጣቢያው በኩል ከገቡት አዳዲስ ነገሮች ለልጅ የሚመቸው ዶሮ ነው። ዋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉት ዝርያዎች፣ ገበሬው በአጭሩ የፈረንጅ ዶሮ የሚላቸው፣ ብዙ መሬት አይጠይቁም፤ እንቁላላቸውም በባቡር ጣቢያው ገበያ ገዢ አያጣም። እርግጥ ፈንግል አንድ ቀን ሲገባ የዓመቱን ድካም በሳምንት ይጠርገው ነበር። የአገሩ ዶሮ ከውርጩም ከጭልፊቱም ጋር ታግሎ መኖር የለመደ ሲሆን እንግዳዋ ግን ቤትና መኖ፣ ክትባትም ትሻለች።

በክለቡ ሥርዓት እያንዳንዱ አባል አንድ ሥራ ለራሱ ይመርጣል፤ መዝገብም ይይዛል። በመዝገቡ ውስጥ መኖው በስንት እንደ ተገዛ፣ ስንት እንቁላል እንደ ተገኘ፣ ስንት እንደ ተሸጠ ይጻፋል። በወሩ ስብሰባ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ከልጆቹ መካከል ተመርጠው ጉባኤውን ራሳቸው ይመራሉ። በዓመቱ መጨረሻ የኤግዚቢሽን ቀን ይሆንና ዶሮው፣ ጥጃው፣ ጎመኑና ቲማቲሙ ለእይታ ይቀርባል። ወላጅ ይመጣል፤ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ይዘፈናል።

ከውድድሮቹ ሁሉ ትኩረት የሚገባው የከብት ዳኝነት የሚባለው ነው። አራት ከብቶች በመሥመር ይቆማሉ፤ ተወዳዳሪው ዞሮ ዞሮ አይቶ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ቀጥሎም ቆሞ ምክንያቱን በቃሉ ያስረዳል። ነጥብ የሚሰጠው ለደረጃው ብቻ ሳይሆን ለምክንያቱም ጭምር ነው። ለኢትዮጵያዊው የገበሬ ልጅ የዚህ ውድድር ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ ፍጹም አዲስ ነበር። በሬ መምረጡን ከአባቱ ኋላ ሆኖ በገበያ ተምሮታል። ጥርሱን መቁጠር፣ ሻኛውን መዳሰስ፣ ኮቴውን ማንሣት፣ ቀንበር ላይ ይለግም እንደ ሆነ ከዓይኑ መገመት ያውቃል። ያልለመደው በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ለምን እንዲህ እንዳለ ማስረዳትን ነው። ልጅ በአዋቂ መካከል እንዳይናገር ያደገበት አገር ነውና፣ አባትየው የመረጠውን በሬ ልጁ ሦስተኛ አድርጎ ምክንያቱን ሲደረድር መስማት ለተመልካቹም ቀላል ነገር አልነበረም። ክለቡ በዚህች አገር ያመጣው ትልቁ ለውጥ የፈረንጅ ዶሮ ሳይሆን ይህ ሊሆን ይችላል። ልጃገረዶችንም ከወንዶቹ እኩል መዝገብ አስይዞ በአንድ አዳራሽ ማሰባሰቡ ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

መዝገቡ ግን አንድ ዓምድ ይጎድለው ነበር። የመኖ ወጪ አለ፣ የጉልበት አለ፣ የሽያጭ ገቢ አለ፤ የባለመሬቱ ድርሻ የሚጻፍበት ቦታ የለም። መዝገቡ የተነደፈው ቤተሰቡ የሚያርሰው መሬት የራሱ ለሆነበት አገር ነው። እዚያም ቢሆን በአሜሪካ ደቡብ የሲሶ አራሽ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ጥቁሮቹም የሚሰባሰቡት በተለየ ክለብ ነበር። በሸዋና በአርሲ ደግሞ ከገበሬው የሚበዛው ክፍል ጭሰኛ ነው። እንደየውሉ ሲሶውን፣ እንደየቦታውም እኩሌታውን ለባለመሬት ያስረክባል። ጥጃው የሚግጠው ሣር፣ ልጁ ጎመን የሚዘራበት ጓሮ፣ ቤቱም ራሱ የቆመበት መሬት የሰው ነው። ሽልማት ያገኘው ጥጃ አድጎ ጊደር ሲሆን ግጦሽ ይጠይቃል፤ ምርት የጨመረ ማሳ ደግሞ የባለቤቱን ዓይን ይስባል። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን በሕግ ለመወሰን የተረቀቀው አዋጅ ፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። በገና ዕለት የጌታውን ቅልጥም የሚመታው ጎረምሳ በማግስቱ የጌታው ጭሰኛ እንደ ነበረ ይመለሳል። ክለቡ ግን ልጁን ዓመቱን ሙሉ ባለሀብት እንደ ሆነ አድርጎ ሲያለማምደው ከረመ።

በቆላው በኩል ሜዳው ራሱ ተወሰደ። የወንጂ መሬት የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ከሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ፋብሪካው ስኳር ማምረት ሲጀምር ግጦሹ ሸንኮራ አገዳ ሆነ። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ አዋሽ በመስኖ የሚታዘዝ ወንዝ ሆነና እርሻው ወደ ታች ተስፋፋ፤ በመተሐራም ከረዩዎች የበጋ ግጦሻቸውን ለአገዳው ለቀቁ። በነዚህ ቦታዎች የወጣቱ ፉክክር መልኩን ለወጠ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው የአገዳ ቆራጭ ልጅ የሚገናኘው በካምፑ የኳስ ሜዳ ነው፤ ወንጂ ስኳርም የእግር ኳስ ቡድኑ ስም ከፋብሪካው ስም ጋር አብሮ የሚጠራ ሆነ። የአካባቢው ከብት አርቢ ልጅ ጨዋታውን ከመስኖው ቦይ ማዶ ሆኖ ይመለከታል።

በደጋው ደግሞ በመስከረም 1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ አሰላ ላይ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ተቋቋመ። ካዱ ምርጥ ስንዴና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ የተዳቀሉ ጊደሮችን አሠራጨ፤ በየአካባቢው ሞዴል ገበሬ ይዞ የመስክ ቀን እያዘጋጀ ጎረቤቱ መጥቶ እንዲያይ አደረገ። የመስክ ቀን በመሠረቱ የወንፈልን ትምህርት በሥርዓት የሚሰጥ ነው፤ ገበሬውም ተቀበለው። ፕሮጀክቱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ሆኖም ስንዴው ሲያተርፍ ባለመሬቱ ትራክተር ገዛ ወይም ተከራየ፤ ትራክተሩ ሲመጣ ጭሰኛው ተነቀለ። በሰሜን ጭላሎ ወረዳዎች የደረሰውን የጭሰኛ መነቀል የፕሮጀክቱ የራሱ ጥናቶች ጭምር መዝግበውታል። ሞዴል የተባለው ማሳ ጎረቤቱን ያስተማረውን ያህል ባለመሬቱንም አስተምሮታል። ይህን በካዱ ሠራተኞች ላይ እንደ ጥፋት መቁጠር አይገባም፤ የመሬት ይዞታው ጉዳይ እንዲስተካከል እነሱም ይወተውቱ ነበር። ነገር ግን አሸናፊው ተሸናፊውን ከመንደር የሚያስወጣበት ውድድር የወዳጅነት ሊባል አይችልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ቆረጠው። ጭሰኝነት ቀረ፤ አራሹ የሚያርሰውን ያዘ፤ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ባለው መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ። ከአዋጁ ሁለት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን፣ የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቶ ነበርና የማኅበሩ አደረጃጀት በነሱ እጅ ወደቀ። ከከተማ የመጣው ዘማች ከገበሬው ልጅ ጋር የተግባባው በስብሰባ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ በእሳት ዙሪያ፣ በዘፈንና በቀልድ፣ በእግር ኳስ፣ በአጫጭር ጭውውት ነው። የኪነት ቡድን የሚባለው ነገር በገጠር ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

የኪነትን ዘመን በመፈክሩ ብቻ የሚመዝን ሰው ግማሹን ያጣል። በየረርና ከረዩ፣ በሐይቆችና ቡታጅራ፣ በጭላሎ አውራጃዎች የገበሬ ማኅበራት ወጣቶች መሰንቆና ክራር፣ ከበሮና ዋሽንት ይዘው ሲሰለፉ የአካባቢው ዘፈን፣ ጭፈራና አለባበስ በአደባባይ መድረክ ላይ ወጣ። ኦሮምኛ ዘፈን በከተማው አዳራሽ መሰማቱ ለብዙ አድማጭ አዲስ ነበር። ልጃገረዶችም በገና ሜዳ ያላገኙትን ቦታ በመድረኩ ላይ አገኙ። ውድድር ሲኖር ከጎረቤት ቀበሌ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳው ይስተናገዳል፤ ሲመሽም በዚያው ያድራል። የደቦው ዜማ ከማሳው ወጥቶ ወደ መድረክ የገባው ያኔ ነው። ከቀበሌና ከገበሬ ማኅበር የኪነት ቡድን ተነሥተው ወደ ታወቁ የሙዚቃና የቲያትር ክፍሎች የገቡ ከያንያንም ጥቂቶች አይደሉም።

ነገር ግን ሌላ ችግር ብቅ አለ። የገና ተሸናፊ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጎረቤቱን ይገጥማል። የኪነቱ አሸናፊ ግን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል፤ ዳኛውም ጎረቤት ሳይሆን ሹም ነው። ነጥቡ ለዜማው ይሁን ለመልእክቱ መለየት እያደር አስቸገረ። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሲቋቋም የገጠር ወጣት ሁሉ በአንድ መዝገብ ተጠቃለለ። ይህ መዝገብ የክለቡ ልጅ በእጁ የጻፈው ዓይነት አልነበረም፤ ስለ ልጁ የተጻፈ ነበር። ሥራውም በዘመቻ መልክ መጣ፤ የአፈር ጥበቃ እርከን፣ የዛፍ ተከላ፣ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እርሻ። ቀበሌ ከቀበሌ በእርከን ርዝመት ይወዳደራል፤ በአምራቾቹ ማሳ ላይ የዋለው ጉልበት ግን እንደ ወንፈል ተመልሶ የሚመጣበት ቀን የለውም።

የመሰባሰቡን ልማድ ክፉኛ የጎዳው የሚያዝያ 1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወንድ በሙሉ ለሥልጠናና ለአገልግሎት ተገዳጅ ሆነ፤ ምልመላውም በገበሬ ማኅበሩ በኩል ተካሄደ። የስምና የዕድሜ ዝርዝር የያዘው፣ ኳሱንም ከበሮውንም የሚያድለው፣ ተመልማዩንም የሚያስረክበው አንድ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ጎረምሳው ከገበያውም ከስብሰባውም ከሜዳውም መራቅ ጀመረ። በገና ዕለት ከሁለት መንደር የተሰበሰበ ጎበዝ ለአፈሳ የተመቸ ነው። በ1978 ዓ.ም. በአርሲና በሸዋ የተካሄደው የመንደር ምሥረታም የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባለውን ጥንታዊ ወሰን በብዙ ቦታ አፈረሰው። አምራቾቹ ማኅበራት በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ እንደ ታወጀ በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተኑ፤ የወጣቶቹ ማኅበርም ከሥርዓቱ ጋር አከተመ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደው ትውልድ ከአያቱ ጋር የሚጋራው ነገር አለው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ያገኘው አባት ይዞታውን ለልጆቹ ሲያካፍል ድርሻው በየጊዜው አነሰ፤ ለታናናሾቹም የሚተርፍ ጠፋ። በመቂና በዝዋይ፣ በዛሬ መጠሪያዋ ባቱ፣ ዙሪያ ከሐይቁ በሞተር ፓምፕ ውሃ ስቦ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ወጣት ብዙውን ጊዜ በሰው መሬት ላይ ነው። አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ጉልበቱን፣ ሦስተኛው ዘርና ነዳጅ ያወጣል፤ ምርቱ በስምምነት ይከፈላል። የእኩል የሚለው አሮጌ ቃልም ከነትርጉሙ ተመልሷል። ልዩነቱ ባለመሬቱ ዛሬ ጌታ ሳይሆን አቅም ያነሰው ጎረቤት፣ አንዳንዴም መበለት ወይም አዛውንት መሆኑ ነው።

የልማት ሠራተኛው በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ተቀምጦ የመስክ ቀን ያዘጋጃል፤ ሞዴል አርሶ አደር ይመረጣል፤ ይሸለማል። ከተሸላሚዎቹ የሚበዙት ሽበት የጣለባቸው ባለይዞታዎች ናቸው። ተወዳድሮ ከብት የሚመዝን፣ ምክንያቱንም በሽማግሌዎች ፊት የሚያስረዳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልተዘጋጀለትም። ዶሮ አርብቶ መዝገብ ለመያዝ ግን ዛሬም ቢሆን ብዙ መሬት አያስፈልግም፤ የፈንግል ክትባትም እንደዚያ ዘመን ብርቅ አይደለም። የአንድ ክለብ ወጪም ለአንድ ዓመት የሽልማት በዓል ከሚወጣው ይበልጣል ተብሎ አይገመትም።

ገናና ጉግስ ግን አልጠፉም። ከኮርቦና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ሥር ተደራጅተው በየዓመቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ውድድር ይካሄድባቸዋል። ደንባቸው ተጽፏል፤ የተጫዋቹ ቁጥር ተወስኗል፤ ሜዳው ተለክቶ በኖራ ተሰምሯል። ተወዳዳሪዎቹ የክልላቸውን መለያ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ሩሯ ከመሥመር ስትወጣም ዳኛው ፊሽካ ይነፋል።